ሐሙስ የሚጾም ዓሣ

ሺራን ለውትድርና ስትሄድ፣ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ፣
"አባባ፣ እሱን አደራ" አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ ጠቁማ።

ጣት የሚያህል ዓሣ ነው፣ ካሖል ትለዋለች፣ ክንፉ እንደ ቀሚስ የሰፋ።
አፉላ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ከመስታወት ቤቱ ፊት አንድ አሮጌ ሶፋ፣
ሶፋው ላይ እኔ፤ ሃያ ዓመት ጎዳና ላይ መጥረጊያ ይዤ የዋልሁ፣
ዓሣን ከሹቅ፣ ከበረዶ ላይ፣ ዓርብ ዓርብ የገዛሁ፣
በድስት እንጂ በስሙ ጠርቼው የማላውቅ።

ወረቀት ትታልኛለች። አማርኛውን በዕብራይስጥ ፊደል፣ የኛን ፊደል ስለማታውቅ፤
እኔም ከቀኝ ጀምሬ፣ እያንዳንዱን ፊደል "አንተ ማነህ?" ብዬ ስጠይቅ
አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የቧንቧ ውሃ ወዲያው አትጨምርበት፤ መድኃኒቱ ያቃጥለዋል፤
በባልዲ ይደር፣ ከጠርሙሱ ጠብ አድርግበት፣ ያኔ ይስማማዋል።
ሲሶውን ብቻ ለውጥ፤ ሁሉን ከደፋህ ይደነግጣል።
ክዳኑን ግጠም፣ ይዘላል፤ ከላይ ግን ጣት የሚያህል አየር ተው፣
ዓሣ ብለህ አትናቀው፣ ብቅ እያለ ይተነፍሳል እንደ ሰው።
ሙቀቱ ከሃያ አምስት አይውረድ።
ጠዋት ሦስት ፍሬ፣ ማታ ሦስት ፍሬ፤ ዓይን ዓይንህን ቢያይም አትጨምርለት፣ ሆዱ ይነፋል።
መስታወት አታሳየው፤ ራሱን ጠላቱ መስሎት ይጋጠማል።
ሌላ ወንድ አታስገባበት፤ አንዱ ይሞታል።
ሐሙስ ሐሙስ ይጹም።

"ይጹም!" ብዬ ሳቅሁ፤ ብቻዬን፣ ጎረቤት እስኪሰማ።
አባቴ ሐሙስ እህል አይቀምስም ነበር፣ ጉሮሮው ቢጠማ።
እኔ ግን እዚህ መጥቼ ተውሁት፤ መጥረጊያ የያዘ ሰው ይርበዋል።
ይኸው በስተርጅና ጣት የሚያህል ዓሣ ያስጾመኛል።

እኛ ስንነጻ በሚፈስ ውሃ ነበር፤ የቆመ ውሃ አያነጻም፤
አሁን የቆመ ውሃ ጠባቂ ነኝ፣ ወንዝ ወደ ሳሎን አይመጣም።
በቀጭን ቱቦ እስባለሁ፣ ከጠጠሩ መሐል ጉድፍ እለቅማለሁ፤
መጥረግ ሙያዬ ነው፤ ጎዳናውን ጨርሼ የዓሣ ግቢ ገባሁ።

"ሌላ ወንድ አታስገባበት" የሚለው ላይ ግን ጣቴ ቆመ።
አውቃለሁ ልጄ። አባትሽ ታረቀኝና አጎትሽ አስረስ፤ ስንት ክረምት ከረመ?
አንዱ በሊፍት ሲመጣ ሌላው በደረጃ ይወርዳል፤
በዓል በደረሰ ቁጥር ማዕዴ በሰዓት ይከፈላል።

ጥር ላይ፣ በዚያ የማዕበል ሌሊት፣ የሰፈሩ መብራት ጠፋ።
ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። ካሖል ታች ጠጠሩ ላይ ተደፋ፣
ክንፉን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሰብስቦ።
ጋቢዬን አውልቄ ገንዳውን ደርቤ አለበስሁት፤
ጋዙ ላይ ውሃ አሙቄ፣ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ጎንና ጎኑን ደገፍሁት።
ከዚያ ስልኬን አነሣሁ። የትኛው እንደሚመጣ ስላላወቅሁ
ሁለቱንም ጠራሁ።

ሊፍቱ ሞቷል። ደረጃው አንድ ነው።
በሬን ገርበብ አድርጌ አደመጥሁ፤ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው፣
ከዚያ ዝም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ረዘም ያለ ዝም።
ከዚያ ሁለት ሰው በአንድ ባትሪ መጡ። ማን ለማን እንዳበራ አልጠየቅሁም።

ታረቀኝ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ ለወጠ፤ አስረስ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ
ሙቀቱን አነበበ። አውጥቶት፣ "ሃያ ሦስት" አለ።
ወንድሙም "ሃያ ሦስት" አለ።
ሌሊቱን ሙሉ የተባባሉት ይህንኑ ነው።

ንጋት ላይ ካሖል ተነሣ፤ አንዴ ወደ ጎን ተንገዳገደ፣
ወደ ላይ ወጣ፣ አየሩን ጎረሰ፣ ተመልሶ ወረደ።
"አባባ፣ ምን እንብላ?" አለ አንዱ። ሐሙስ ነው አላልሁም።
አንድ ትሪ አቀረብሁ፤ ሁለት አላወጣሁም።

ሺራን ስትደውል "ደኅና ነው" ብቻ አልኋት።
የጋቢዬ ጫፍ እስከ ዛሬ የገንዳ ውሃ ይሸታል፤
አላጠብሁት።